ዩፎርቢያ ስትቆርጡ ጓንት አትርሱ

ብርድ የሚችለውን ዩፎርቢያ፣ ያው የቁልቋል ዘመድ ነው፣ ጓሮ ውስጥ የምታሳድጉ ካላችሁ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ጓንት አድርጉ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስም ልበሱ። ሲቆረጥ ወዲያው የሚንጠባጠበው ነጭ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፣ አይን ውስጥ ከገባማ ቀልድ የለውም፣ በብዙ ውሃ አጥባችሁ ቀጥታ ሐኪም ጋ ነው። ቆዳ ከነካ ሳይደርቅ በሳሙና እጠቡት፣ ከደረቀ እንደ ሙጫ ነው የሚይዘው፣ መቀሱንም እንደዛው።

አቆራረጡ ላይ ደግሞ፣ ካራሲያስ የሚባለው አይነት አንዱ ዘንግ የሚቆየው 2 ዓመት ገደማ ነው፣ መጀመሪያ ቅጠል ብቻ ያወጣል በቀጣዩ ዓመት ያብብና በቃ ያልቃል። ስለዚህ አበባው ሲጠወልግ ያበበውን ዘንግ ብቻ ከስሩ ቁረጡ፣ ከጎን የወጡትን አዲሶቹን እንዳትነኳቸው፣ የከርሞው አበባ እነሱ ላይ ነው። ሰው ሙሉውን ይላጨውና ለምን አላበበም ይላል!

ሌላው ቀላል ነው፣ ፀሐይና ውሃ የማይቋጥር አፈር፣ አፈሩ ከከበደ ጠጠር ምናምን ቀላቅሉበት። ብርዱን ይችለዋል፣ ስሩ ላይ የሚተኛ ውሃ ነው የሚያበሰብሰው። ማዳበሪያውን ግን ብትተዉት ይሻላል ባይ ነኝ፣ ሲበዛበት ዘንጉ ይለሰልስና ይጋደማል።