ሁለት ሊትር በሆድ ይዞ ጅማ መክረም

የኩላሊት እጥበት ቤቴ ውስጥ የማደርግ ሰው ነኝ። በሆድ የሚደረገውን ማለቴ ነው። ሆዴ ላይ በተተከለች ቀጭን ቱቦ ንጹሕ ፈሳሽ አስገባለሁ። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል፣ የሌሊቱ ደግሞ ይረዝማል። ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። በቀን አራት ጊዜ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ተወልጄ ያደግኩት ግን ጅማ፣ ኮቺ። "ከእንግዲህ አገር ቤት መግባት ቀረ" ብለው በራሳቸው ላይ የፈረዱ ሰዎች ስለማውቅ ነው ይህን የምጽፈው። አልቀረም። የቀረው ድንገት ሻንጣ ጠቅልሎ ብድግ ማለት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ቱቦው በቅርቡ የተተከለ ከሆነ፣ የሆድ ኢንፌክሽን ይዟችሁ ገና ከዳናችሁ፣ ወይም ደም ግፊታችሁ አልረጋ ካለ ቆዩ። ጅማ የትም አትሄድም። እሺ ከተባላችሁ ደግሞ ቢያንስ ከሦስት አራት ወር በፊት መዘጋጀት ጀምሩ። ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ከቱቦው ጫፍ ላይ የሚገጠመው ማራዘሚያ አብዛኛውን ጊዜ በየስድስት ወሩ ይቀየራል። ቀኑ ጅማ እያላችሁ እንዳይደርስ ነርሷ ቀደም ብላ ትቀይርላችሁ።

ወር መምረጥም ነገር አለው። ክረምት አልሄድም። የጅማ ዝናብ ሲጀምር መንገዱ ይጨቀያል፣ መብራቱም ይመላለሳል። እኔ የምመርጠው ጥርን ነው። ደረቅ ነው፣ ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ፣ የነቢያት ጾምም አልፏል። የጾሙን ነገር በዋዛ አትዩት። በሆድ እጥበት ፕሮቲን ከሰውነት አብሮ ይወጣል። እንቁላል፣ ሥጋና ዶሮ ለኛ ከመድኃኒቱ የሚቆጠር ነው። ጾም ላይ የምትደርሱ ከሆነ ከሐኪማችሁም ከንስሐ አባታችሁም ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። አንዱ ከረጢት ሁለት ሊትር ነው፤ ከነማሸጊያው ከሁለት ኪሎ ያልፋል። በቀን አራት ከሆነ ለሁለት ሳምንት 56 ከረጢት ያስፈልጋል። ከ112 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ከአሜሪካ በኢኮኖሚ ስትሳፈሩ የሚፈቀድላችሁ ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ለአክስት የተገዛው ጫማ እንኳ የት ይግባ?

ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ፈሳሹን የሚያቀርብላችሁን ኩባንያ "ኢትዮጵያ ድረስ ትልካላችሁ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ እንደ ኩባንያውና እንደ አገሩ ይለያያል። እኔን "አይሆንም" ስላሉኝ አብዛኛውን በአየር ካርጎ አስቀድሜ አዲስ አበባ ነው የምልከው። እዚያ ጉምሩክ አለ። ወደ አገር የሚገባ መድኃኒት ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ይመለከታል። ዕቃው ሳይነሳ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሁለቱም ጋ ሄዶ ምን ወረቀት እንደሚፈልጉ ይጠይቅላችሁ። ዘመዱ ወረፋ የማይሰለቸው፣ "ነገ ና" ሲባል ነገ የሚመጣ ሰው ይሁን። የሐኪሙ ደብዳቤ ላይ ስማችሁ ልክ እንደ ፓስፖርታችሁ ይጻፍ። የፈሳሹ ዓይነት፣ ፈሳሹ ውስጥ ያለው የስኳር መጠን፣ የከረጢቱ ብዛት፣ ለራሳችሁ መጠቀሚያ እንጂ ለሽያጭ እንዳልሆነ ይዘርዘርበት። ካርቶኑ ጅማ ገብቶ፣ ተቆጥሮ፣ እህቴ ፎቶ እስክትልክልኝ ድረስ እኔ ከቤቴ አልነሳም።

የሁለት ቀን ፈሳሽ ግን ሁልጊዜ አብሯችሁ ይሁን። ሻንጣ ይጠፋል፣ በረራ ይሰረዛል። ክዳኖቹ፣ መቆንጠጫዎቹ፣ ማስኩና የእጅ አልኮሉ ከፈሳሹ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ይግቡ። አየር መንገዱን አስቀድማችሁ ደውላችሁ የሕክምና ዕቃ እንደያዛችሁ አስመዝግቡ። አሜሪካ ፍተሻ ላይ የ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ ለሕክምና ፈሳሽ አይሠራም። ቦርሳው ማሽን ውስጥ ሳይገባ "ይህ የዲያሊሲስ ፈሳሽ ነው" በሉና ደብዳቤውን አሳዩ። ሲያገኙት ከመንገር ሳያገኙት መንገር ይሻላል።

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የቀጥታ በረራው 13 ሰዓት ገደማ ነው። አውሮፕላን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ፈሳሽ ልቀይር የሚል ሰው ካለ ድፍረቱን አደንቃለሁ፤ እኔ አልሞክረውም። ሆድ ውስጥ ረጅም ሰዓት የሚቆይ አይኮዴክስትሪን የሚባል ፈሳሽ አለ። በስኳር ፈንታ ሌላ ነገር ስላለበት እስከ 16 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሐኪሜ ለበረራው ያዘዘልኝ እሱን ነው። እናንተም ስለሱ ጠይቁ። ግን እዚህች ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። አይኮዴክስትሪን የሚጠቀም ሰው በአንዳንድ የጣት ስኳር መለኪያዎች ሲለካ ስኳሩ ከእውነተኛው በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። አንዱ ነርስ ያንን አይቶ ኢንሱሊን ቢወጋችሁ አደጋ ነው። ፈሳሹን ካቆማችሁም በኋላ ይህ ለቀናት ይቆያል። "የስኳር መለኪያችሁ ሊያሳስት ይችላል፣ በላቦራቶሪ አረጋግጡ" የሚል ካርድ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በእንግሊዝኛም ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙ። አብሯችሁ ለሚውለው ሰውም ንገሩት።

ከአዲስ አበባ ጅማ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በወሊሶ፣ በወልቂጤ፣ ከዚያ የጊቤን በረሃ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ሽቅብ። መንገዱን እወደዋለሁ፤ ግን ቀኑን ይበላዋል። በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። በመኪና ከሆነ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ፈሳሹን ቀይሬ እነሳለሁ፣ የሚቀጥለውን ጅማ ስገባ አደርጋለሁ። የመኪናው ቀበቶ ቱቦውን እንዳይጫነው ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩት።

የቤቱን ዝግጅት ለእህቴ በስልክ ነው ያስተማርኳት፤ ለእናንተም እንዲሁ ልንገራችሁ። አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ የሚዘጋ መስኮት። ካርቶኖቹ ከመሬት ከፍ ብለው ጣውላ ላይ ይደርደሩ፤ የጅማ ወለል እርጥበት አለው። ፀሐይ አይንካቸው፣ ማድቤቱም አጠገብ አይሁኑ፣ አይጥም አትርሱ። ከረጢቱን የምሰቅለው የአጎበሩ ሚስማር ላይ ነው። ከትከሻዬ በላይ ከሆነ በቂ ነው። የሚወጣው ፈሳሽ የሚገባበት ከረጢት ደግሞ ታች፣ ንጹሕ ፕላስቲክ ላይ ይቀመጣል። ስቀይር በርና መስኮት ይዘጋል፣ ማራገቢያ ይጠፋል፣ ማስክ ይደረጋል፣ ድመቷም ትወጣለች። የኢንፌክሽኑ መንገድ በአብዛኛው ያቺ ቱቦው ከከረጢቱ ጋር የምትገናኝባት ቅጽበት ናት።

ውሃ ይጠፋል። ቧንቧ ያለው ጄሪካን ገዝታችሁ አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁትን ውሃ ሙሉበት። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በወረቀት አድርቁ፤ የቤቱ ፎጣ የሁሉም ነው። ከዚያ አልኮሉ።

መብራትም ይሄዳል። ፈሳሹ የሰውነት ሙቀት ያህል ቢሞቅ ይመረጣል፤ ቀዝቃዛው ሆድ ይቆርጣል፣ ያንቀጠቅጣል። የምጠቀመው በ220 ቮልት የሚሠራ ማሞቂያ ጨርቅ ነው። መብራት እያለ አሙቄ በጋቢ እጠቀልለዋለሁ፣ ሰዓቱ እስኪደርስ ይቆይልኛል። የፈላ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ የለም፤ እርጥበቱ መጋጠሚያው ላይ ይቀራል። ማይክሮዌቭም ከሰሉም አይሆንም፤ አንዱ ጎን ሲፋጅ ሌላው ይቀዘቅዛል። ይህንኑ የሆድ እጥበት ሌሊት ፈሳሹን በሚቀይር ማሽን የምታደርጉ ከሆናችሁ ማሽኑ 220 ቮልት መቀበሉን ከጀርባው አንብቡ። በእጅ መቀየሩንም ከመሄዳችሁ በፊት እንደገና ተለማመዱ። መብራት ሲጠፋ የሚያዋጣችሁ እሱ ነው።

የኔ ኩባንያ ከረጢቶች ቀለበታቸው ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ነው፤ ሰንደቅ ዓላማው ተዘበራርቆ። ቢጫው 1.5፣ አረንጓዴው 2.5፣ ቀዩ 4.25 በመቶ ስኳር ነው። ስኳሩ በጨመረ ቁጥር ብዙ ውሃ ይስባል። ጠዋት ጠዋት ተመዝኜ፣ ደም ግፊቴን ለክቼ፣ ነርሷ በጻፈችልኝ መሠረት እመርጣለሁ። ሚዛኑን ከቤቴ ይዤው ነው የምሄደው። ሦስቱንም ዓይነት ከፋፍላችሁ ያዙ፤ የዘመድ ወጥ ጨው ስለሚበዛበት ቢጫው ብቻ ላይበቃ ይችላል።

የወጣውን ፈሳሽ ሽንት ቤት ከመድፋታችሁ በፊት እዩት። ከከረጢቱ ጀርባ ጋዜጣ ብትይዙ ፊደሉ መነበብ አለበት። ከደፈረሰ፣ ሆድ ካመመ ወይም ትኩሳት ከመጣ አታሳድሩት። የደፈረሰውን ከረጢት እንዳለ ይዛችሁ ሆስፒታል ሂዱ፤ ምርመራው ከእሱ ነው የሚሠራው። ከመነሳታችሁ በፊት የክሊኒካችሁ ሐኪም የትኛው አንቲባዮቲክ፣ ስንት፣ እንዴት ፈሳሹ ውስጥ እንደሚጨመር ይጻፍላችሁ። እኛ አገር እጥበት ሲባል ሰው የሚያውቀው ደም በማሽን የሚታጠብበትን ነው፤ የሆዱን አይቶ የማያውቅ ባለሙያ ቢገጥማችሁ አይግረማችሁ። በደቡብ ምዕራብ ትልቁ ሪፈራል ሆስፒታል የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። በደረሳችሁ በሁለተኛው ቀን፣ ደህና እያላችሁ ሄዳችሁ ማንን እንደምታገኙ እወቁ። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ካላችሁ ከአገር ውጭ ለሚደረግ ሕክምና በአብዛኛው ስለማይከፍል ገንዘብ ለብቻው ያዙ።

ወባም አለ። ዘመዳችሁ የሚወስደውን መከላከያ አብራችሁ አትዋጡ። አቶቫኮን ፕሮጓኒል የሚባለው ኩላሊቱ ክፉኛ ለተጎዳ ሰው ለመከላከያ አይሰጥም። ሐኪማችሁ ሌላ ይምረጥላችሁ። ወገቤን አመመኝ ስትሉ የምትቀርብላችሁን ዳይክሎፊናክም እምቢ በሉ፤ የቀረውን የኩላሊት ሥራ ይጎዳል። ጥቂት ሽንት ለቀረው ሰው ያቺ ጥቂት ሀብት ናት።

ከሁሉ የከበደኝ ግን መብራቱም ጉምሩኩም አይደለም፤ ወገኔ ነው። ጅማ እንግዳ ገብቶ ቡና ሳይጠጣ አይወጣም። አንድ ቤት አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ጎረቤት ደግሞ እንደገና። እኔ አቦሉን ብቻ እጠጣና ለቀረው ቁጭ ብዬ እጫወታለሁ። "ሐኪም ከልክሎኛል" ስትሉ "አንዲት ሲኒ ምን ታደርጋለች?" ይመጣል። "ሆዴ ውስጥ ሁለት ሊትር አለ፣ ቦታ የለም" ስል ግን ይስቃሉ፣ ይተዉኛል። ጸበልም ይመጣል፣ ከጎረቤት ዘምዘምም ይመጣል። በፍቅር የመጣ ነውና አልመልስም። ከሁለቱም በስኒ ቀምሼ የቀረውን ፊቴን አብስበታለሁ። ገብቶ መጠመቅ፣ ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ ግን ቱቦው የወጣበትን ቆዳ ያስቆጣል።

አቮካዶው፣ ሙዙ፣ ማሩ ደጃፍ ላይ ነው። የሆድ እጥበት ቀን ከሌት ስለሚሠራ ፖታሲየም ላይ ከሌላው እጥበት ትንሽ ፈታ ይላል። ቢሆንም የመጨረሻው የደም ምርመራችሁ ምን እንዳለ አይታችሁ ብሉ። ማሩን በልኩ፤ ከከረጢቱም ስኳር ይገባችኋል። ሽሮና ወተት ሲቀርብ በምግቡ ውስጥ ያለው ፎስፌት ወደ ደም እንዳይገባ የሚይዘውን ክኒን ከምግቡ ጋር ዋጡ። ሰው ፊት ክኒን መዋጥ ካሳፈራችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ቆጥራችሁ ያዙ።

እንቅስቃሴው በአራቱ ሰዓቶች መካከል ነው። የኔዎቹ ጠዋት 1፣ ቀን 6 ተኩል፣ ማታ 12 እና ማታ 4 ናቸው። ጠዋቱን ቀይሬ ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይቼ ለ6 ተኩል እመለሳለሁ። ዳገቱን በባጃጅ ነው የምወጣው። ሆድ ሞልቶ ሽቅብ መውጣት ደግ አይደለም፣ ከባድ ማንሳትም እንዲሁ። ሠርግ ካለ የማታውን ቀይሬ እሄዳለሁ። የ4 ሰዓቱ ጥቂት ቢዘገይ ችግር የለም፤ መዝለሉን ግን ልማድ አታድርጉት። ቀሚስ ስትለብሱ መቀነቱ ቱቦው ላይ አይረፍ። ሕፃናት ሮጠው ሲያቅፏችሁም በጎን ተቀበሏቸው።

ስትመለሱ በረራው ነዳጅ ለመሙላት መንገድ ላይ ሊቆም ስለሚችል ከመሄጃው ይረዝማል። ለዚያ የሚሆነውን ፈሳሽና የሁለት ቀኑን መጠባበቂያ ጅማ በገባችሁ ቀን ለይታችሁ "የመመለሻ" ብላችሁ ጻፉበት። ጠዋት ጠዋት የመዘገባችሁትን ክብደትና ደም ግፊት ደግሞ ለነርሷ ውሰዱላት። ተቅማጥ ይዟችሁ ከነበረ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የዋጣችሁት ነገር ካለ አትደብቋት።