ድሮኑ ሰሜንን ሲስት

የድሮን ኮምፓስ ሲያስቸግር ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናማው ተራራውን ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ግን ለማግኔት ወገብ ቅርብ ስለሆኑ የምድር ማግኔት መስክ እዚህ ወደ አግድም የተጠጋ ነው፤ ለኮምፓስ ምቹ ነው። ጥፋቱን ከድሮኑ ውስጥና ከእግራችሁ ስር ፈልጉ።

ሳይነሳ «የኮምፓስ ስህተት» ካለ፦ ኮንክሪት ውስጥ ያለ ፌሮ፣ ቆርቆሮ ወይም አጠገብ የቆመ መኪና ይሆናል። ጥቁር ድንጋይም ማግኔታዊ ማዕድን አለው። ድሮኑን በእጅ አንድ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ መልእክቱ ከጠፋ ጥፋተኛው መሬቱ ነውና ቦታ ቀይሩ፤ ካሊብሬት ለማድረግ (ኮምፓሱን እንደ አዲስ ለማስተካከል) አትቸኩሉ። እኔ ደሴ ፎቅ ጣሪያ ላይ ካሊብሬት አድርጌ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ አነሳሁት። የፌሮውን ስህተት ከደሴ ተሸክሞ ወርዷል!

አየር ላይ ቆሞ ክብ እየዞረ ክቡን ካሰፋ፦ ጂፒኤሱ ደህና ነው፤ አፍንጫው ወዴት እንደዞረ ግን ተሳስቷል። ወደ ቦታዬ ልመለስ ሲል ወደ ጎን ይሄዳል። «ወደ ቤት ተመለስ» የሚለውን አትንኩ፤ ከፍታ ብቻ ወደሚጠብቀው ሁነታ ቀይራችሁ በእጃችሁ አሳርፉት። ከዚያ ሜዳ ላይ፣ ስልኩን ከኪስ አውጥታችሁ ራቅ አድርጋችሁ፣ ድሮኑን በስድስቱም ጎን እያዞራችሁ ካሊብሬት አድርጉት።

ጋዝ (የሞተር ኃይል) ሲሰጠው ብቻ አቅጣጫው ከዞረ፦ የባትሪው ገመድ ነው። 20 አምፔር የሚሄድበት ነጠላ ሽቦ በ5 ሳንቲሜትር ርቀት 80 ማይክሮቴስላ (የማግኔት መስክ መለኪያ ነው) ይፈጥራል፤ የምድሩ መስክ እዚህ 36 ገደማ ነው። ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን አብራችሁ ግመዷቸው፣ ያንዱን መስክ ሌላው ያጠፋዋል፤ ኮምፓሱንም በዘንግ ከፍ አድርጉት። ፕሮፔለር ነቅሎ መሞከር ያታልላል፤ ሞተሩ ሸክም ስለሌለው ብዙ ከረንት አይስብም። የበረራ ሎጉን (ድሮኑ የመዘገበውን) ክፈቱና የከረንቱንና የማግኔቱን የግራፍ መስመር አስተያዩ። አብረው ከወጡና ከወረዱ አገኛችሁት።

ኮምፓሱ አብሮት ያለው የጂፒኤስ ሞጁል ከተቀየረ በኋላ በአራቱም አቅጣጫ እኩል 90 ወይም 180 ዲግሪ ከሳተ፦ ሞጁሉ ዞሮ ተገጥሟል። ቀስቱን ወደ ፊት አዙሩት፣ ወይም የአገጣጠሙን አንግል ሴቲንግ ላይ አስተካክሉ። ስህተቱ በየአቅጣጫው የሚለያይ ከሆነ ግን ብሎን ፈትሹ፤ ኮምፓሱ አጠገብ ያለውን የብረት ብሎን በፕላስቲክ ቀይሩት።

ከስልክ ኮምፓስ ጋር ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢለያይ ተዉት፤ የማግኔት ሰሜንና እውነተኛው ሰሜን እዚህም አንድ አይደሉም።