አይኮን የምትሠሩ፣ ከትንሹ ጀምሩ
ለሊኑክስ ዴስክቶፕ የራሳችሁን ገጽታ፣ ያው ቴም የምንለውን፣ ለመሥራት ካሰባችሁ አይኮኑን በትልቁ ስላችሁ አታሳንሱት። እኔ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብዬ የፋሲል ግንብን ለሆም ፎልደር ሳልኩት፤ ጉልላቱ፣ መስኮቱ፣ ደረጃው ሳይቀር። በ256 ፒክስል ልብ ይሰርቃል፣ በ16 ፒክስል ግን ያረረ ዳቦ መሰለ። ሁለት ቀን ውሃ በላው!

አሁን ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ 16 በ16 ፒክስል የሆነ ገጽ ከፍቼ፣ ግሪዱን (የመስመር መረቡን) አብርቼ፣ መስመሮቹን ከፒክስሉ ጠርዝ ጋር አጋጥሜ ነው የምጀምረው፤ ካልተጋጠሙ ይደበዝዛሉ። ለግንቡ ሁለት ክብ ማማና አንድ በር በቂ ነው። ዝርዝሩን 48 ላይ ስትደርሱ ጨምሩ። የድንጋዩን ቡናማ ቀለም ከወደዳችሁት ደግሞ በነጭም በጥቁርም ጀርባ ላይ ሞክሩት፣ ጥቁሩ ላይ ይጠፋል።

ሁሉንም አይኮን ካልሳልኩ ብላችሁ አትድከሙ። ኢንዴክስ ዶት ቴም (index.theme) በሚባለው የቴማችሁ ፋይል ውስጥ፣ ኢንሄሪትስ (Inherits=) ከሚለው ቀጥሎ የሌላ ቴም ስም፣ ለምሳሌ ብሪዝ (breeze)፣ ጻፉ። ያ ቴም ማሽናችሁ ላይ እስካለ ድረስ የጎደለው ከእሱ ይሞላል። እኔ በ12 አይኮን ብቻ እየተጠቀምኩ ነው።