የስታይል ዋጋዎችን ከኤችቲኤምኤል ስትሪንግ ውስጥ በኮድ እንዴት ማውጣት ይቻላል

ከዳታቤዝ ወይም ከኢሜይል የመጣ የኤችቲኤምኤል ስትሪንግ (የድረ ገጽ ኮድ የያዘ ጽሑፍ) ሲኖር፣ በየታጉ የስታይል አትሪቢዩት (መልኩን የሚወስን ባሕርይ) ውስጥ የተጻፈውን ቀለም፣ ስፋት ወይም የፊደል መጠን ለይቶ ማውጣት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ብዙዎች መጀመሪያ ሬጌክስ (በጽሑፍ ውስጥ ቅርጽን የሚፈልግ ደንብ) ይሞክራሉ። ሆኖም ድርብ ጥቅስን ብቻ የሚጠብቅ ሬጌክስ አትሪቢዩቱ በነጠላ ጥቅስ ወይም ያለ ጥቅስ ሲጻፍ ያልፈዋል፤ ዳታ-ስታይል የተባለ ሌላ አትሪቢዩት ሲያጋጥመው ደግሞ የማይፈለገውን ይወስዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ኤችቲኤምኤሉን፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሲኤስኤሱን (በስታይል ውስጥ ያለውን የመልክ ኮድ) በፓርሰር፣ ማለትም ኮድን አንብቦ በየክፍሉ በሚለይ ፕሮግራም፣ ማስነበብን አጥብቄ እመክራለሁ።

በብራውዘር ውስጥ በጃቫስክሪፕት የሚሠሩ ከሆነ፣ ዶምፓርሰር (የብራውዘሩ የራሱ የኤችቲኤምኤል ፓርሰር) ይፍጠሩና ስትሪንጉን ፓርስፍሮምስትሪንግ ለተባለው ሜተድ ይስጡት፤ ዓይነቱንም ቴክስት/ኤችቲኤምኤል ይበሉት። በዚህ መንገድ በሚገኘው ዶክዩመንት ውስጥ ስክሪፕት አይሠራም። ስትሪንጉን በኢነርኤችቲኤምኤል ወደ አንድ ዲቭ ማስገባት ግን አደገኛ ነው፤ ዲቩ ገጹ ላይ ባይታከልም እንኳ በምስል ታግ ኦንኤረር (ምስሉ መጫን ሲያቅተው በሚሠራ አትሪቢዩት) ውስጥ የተደበቀ ኮድ ሊሠራ ይችላል።

ቀጥሎ ኩዌሪሰሌክተርኦልን በመጠቀም የስታይል አትሪቢዩት ያላቸውን ኤለመንቶች ብቻ ይሰብስቡ፤ ለዚህም ስታይል የሚለውን ቃል በካሬ ቅንፍ [ ] ውስጥ አድርጎ መስጠት ይበቃል።

ዋጋውን ለማንበብ ሁለት መንገዶች አሉ፤ ምርጫውም ውጤቱን ይለውጣል። ጌትአትሪቢዩት ጸሐፊው የጻፈውን ጽሑፍ ሙሉውን ይሰጣል። የኤለመንቱ ስታይል ኦብጀክት ላይ ጌትፕሮፐርቲቫልዩን መጥራት ግን ብራውዘሩ የተረዳውን ዋጋ ይመልሳል፤ በሄክስ የተጻፈ ቀይ አርጂቢ 255፣ 0፣ 0 ሆኖ ይመጣል፣ በማርጂን አንድ ላይ የተጻፈው ለአራቱ ጎኖች ይከፋፈላል፣ ስሙ የተሳሳተ ፕሮፐርቲ ደግሞ ይጣላል። ለስሌትና ለማነጻጸር ሁለተኛው ይሻላል፤ ስህተትን ለመመርመር ወይም ጽሑፉን እንደነበረ ለማስቀመጥ የመጀመሪያው ይመረጣል።

በፓይተን ከሆነ ቢዩቲፉልሱፕ የተባለው ላይብረሪ ኤለመንቱን አግኝቶ የአትሪቢዩቱን ጽሑፍ ይሰጣል፤ ሲኤስኤሱን ግን አይተነትንም። እዚህ ላይ ጽሑፉን በሴሚኮለን መክፈል ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በዩአርኤል ቅንፍ ውስጥ የተቀመጠ የዳታ ምስል ቤዝ64 ከሚለው ቃል በፊት የራሱ ሴሚኮለን ስላለው ዋጋው ከመሃል ይቆረጣል። በኮለን ሲከፈልም በድር አድራሻ ውስጥ ያለው ኮለን ተመሳሳይ ችግር ያመጣል። ኤችቲኤምኤሉ ቀድሞ መነበብ ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው፦ የፎንት ስም የያዘው የጥቅስ ምልክት በአምፐርሳንድ ጀምሮ በሴሚኮለን በሚያልቅ ኮድ ተተክቶ ሊጻፍ ይችላል፤ ይህን ወደ ትክክለኛ ምልክት የሚመልሰው የኤችቲኤምኤል ፓርሰር ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ታይኒሲኤስኤስ2ን ለመሰለ የሲኤስኤስ ፓርሰር መተው ይገባል።

በመጨረሻ ቁጥሩ ብቻ ከተፈለገ በጃቫስክሪፕት ፓርስፍሎት ከ14 ፒክስል 14ን ያወጣል። አሃዱን ግን ለብቻው ያስቀምጡት፤ ፒክስልና ፐርሰንት በአንድ ዓምድ ቢደባለቁ ቁጥሮቹ ሊነጻጸሩ አይችሉም። ፕሮፐርቲው በስታይል ውስጥ ካልተጻፈ ጌትፕሮፐርቲቫልዩ የሚመልሰው ባዶ ስትሪንግ ስለሆነና ፓርስፍሎትም ከባዶ ስትሪንግ ቁጥር ስለማያገኝ፣ ዋጋው ባዶ አለመሆኑን ወደ ቁጥር ከመቀየርዎ በፊት ያረጋግጡ።