«ያው ነው» ከማለታችሁ በፊት፦ ባለሱቆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር አራዳ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው በቀን ስንቴ «እሱ አልቋል፣ ይሄም ያው ነው» እንደሚል ቤት ይቁጠረው። እኔም ለዓመታት ብያለሁ። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ደንበኛ የምታስቀይመው ይህችው ቃል ናት።

ትልቁ ስህተት ሳይናገሩ መቀየር ነው። አንዲት እናት ኦሞ እንዲገዛላቸው ልጅ ላኩ። የለመዱት አልቆብኝ ስለነበር ሌላ ዱቄት ሳሙና ሰጠሁት። ዋጋው እኩል፣ ክብደቱም እኩል። በማግስቱ የተቀደደውን ማሸጊያ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይሄ አረፋ የለውም እኮ! ሳፋ ሙሉ ልብስ ዘፍዝፌ ቁጭ አልሁ» አሉኝ። ገልብጬ አነበብሁት። ለካ የማጠቢያ ማሽን ሳሙና ኖሯል። የማሽን ሳሙና አረፋው እንዲያንስ ሆን ተብሎ ነው የሚሠራው፤ አረፋ ሲበዛ ማሽኑን ያስቸግራል። በእጁ የሚያጥብ ሰው ደግሞ ሳሙናው መሥራቱን የሚያየው በአረፋው ነው። ገንዘባቸውን መለስሁ። እስካሁን የሚቆጨኝ ለልጁ «ይሄ ሌላ ነው፣ ጠይቀህ ና» አለማለቴ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ሌላው ስህተት ስሙን ብቻ ሰምቶ መሮጥ ነው። ኦሞም ሃይላንድም የብራንድ ስሞች ናቸው፤ በአፋችን ግን የዕቃው መጠሪያ ሆነው ቀርተዋል። «ሃይላንድ ስጠኝ» ያለ ሰው የትኛውንም የታሸገ ውሃ ብትሰጡት አመስግኖ ይሄዳል። ቢራ ላይ ግን ይህን አትሞክሩት። ዳሽን ያለ ሰው ዳሽን ማለቱ ነው፤ ፋብሪካውም እዚሁ ከተማችን ነው ያለው። «የትኛውን ልስጥዎት?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

«ዘይት ያው ዘይት ነው» ማለትም ስህተት ነው። የፓልም ዘይት በጎንደር የጠዋት ብርድ ይረጋል። የሱፍ ዘይት አይረጋም። የጾም ወጥ ሠርታ ለማግስቱ የምታሳድር ሴት «ፈሳሹ ነው ወይስ የሚረጋው?» ብላ የምትጠይቀው ወጡ ላይ የሚጋገረውን ስለምታውቅ ነው።

መድኃኒት ቤት ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ ተጠንቀቁ። የልጆች ፓራሲታሞል ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያለው አለ፤ 250 ያለውም አለ። ማሸጊያው ላይ የሚነበበው ስም አንድ ነው። እናትየው ግን 120ውን በለመደችው ልክ 250ውን ከሰጠችው ልጁ ከእጥፍ በላይ ይወስዳል። ስትቀይሩ ልኩን ጠርሙሱ ላይ ጻፉላት፤ በቃል ብቻ አትለፉት።

ዋጋ ላይ ብዙ አልልም። ጎረቤት ፓስታ ላይ 2 ብር ሲቀንስ አብሮ መቀነስ አያዋጣም፤ ነገ እሱም ይደግማል። ፓስታው እዚያም እዚህም አንድ ከሆነ ሰው የሚመርጠው ሻጩን ነው።

እኚያ እናት ዛሬም ደንበኛዬ ናቸው። አሁን ልጁ ሲመጣ ያለቀውን ማሸጊያ ይዞ ነው የሚመጣው። የለመዱትን ሳሙና ካጣሁ ስልክ እደውልላቸዋለሁ፤ «እትዬ፣ የእርስዎ የለም፤ የእጅ ማጠቢያ ሌላ አለ፣ ልላክ?» እላቸዋለሁ። አንዳንዴ «ላከው» ይሉኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ «ግዴለም፣ እጠብቃለሁ» ይሉኛል።