የቮልስን ዲናሞ በአልተርኔተር ሲተኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቮልስ ላይ ዲናሞው ሁለት ሥራ አለው፦ ባትሪውን የሚሞላውን ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ሞተሩንም ያቀዘቅዛል። አልተርኔተር የሚባለው አዲሱ አመንጪ ሲተካውም ሁለቱንም ይረከባል። በአንዱ ጫፍ ቺንጋው የሚያዞረው ፑሌጃ፣ በሌላው ጫፍ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ቬንቲሌተር ተገጥሞበታል። ራዲያተር የለ፣ ውሃ የለ፤ ያ ዘንግ ቆመ ማለት ሞተሩ ንፋስ አጣ ማለት ነው። ስለዚህ ሥራውን ለኤሌክትሪሺያን ብቻ ወይም ለመካኒክ ብቻ ከሰጡት ግማሹ ሳይሠራ ይቀራል።

ከዚህ የሚመጣው የመጀመሪያው ስህተት ቀይዋ የቻርጅ መብራት በርታ "ባትሪው ቤት ያደርሰኛል" ብሎ መንዳት ነው። ሌላ መኪና ላይ ያስኬድ ይሆናል። ቮልስ ላይ ግን ወዲያው ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉና የኋላውን ክዳን ከፍተው ቺንጋውን ይዩ። ከተበጠሰ አንድ እርምጃ እንኳ አይንዱ። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የሦስተኛውን ሲሊንደር ንፋስ ስለሚጋርደው ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። በተለይ ዳገት ላይ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ትርፍ ቺንጋና ባለ 21 ቁልፍ ከመኪናው አይለዩ።

አሁን ስለ ባትሪው ካቦ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ካቦ ነቅሎ "ካልጠፋ ቻርጅ ያደርጋል" ብሎ መፍረድ፣ እባካችሁ፣ ይብቃ። ልማዱ ከዲናሞ ዘመን የመጣ ነው፤ ዲናሞ ዳዮድ (ኃይልን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) ስለሌለው ይችለው ነበር። አልተርኔተር ግን ባትሪውን ሲሞላ ቆይቶ በድንገት ካቦው ሲነቀል የሚያመነጨው ኃይል መሄጃ ያጣል፣ ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ሬጉላተርም በዚያች ቅጽበት ሊገታው አይደርስም። ቮልቴጁ ለአፍታ ከ80 ቮልት በላይ ሊዘል ይችላል። ዳዮዱ ይበሳል፣ ሬጉላተሩ ይቃጠላል፤ ጤነኛ ሆኖ የመጣው አልተርኔተር በምርመራው ይሞታል። የሚያሳዝነው ደግሞ ምርመራው ምንም አለማረጋገጡ ነው። ለካንዴላው ብልጭታ ኃይል የሚሰጠው ቦቢና የሚፈልገው ጥቂት አምፔር ብቻ ስለሆነ ከስድስቱ ዋና ዳዮዶች አንዱ የሞተበት አልተርኔተርም ሞተሩን ሳያጠፋ ያቆየዋል። ሰውየው "ይሠራል" ተብሎ ገንዘቡን ከፍሎ ይሄዳል፤ በሳምንቱ ጠዋት ሞተሪኖው (ማስነሻው) አልዞር ይላል።

ትክክለኛው ምርመራ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርገው በባትሪው ሁለት ጫፍ ላይ ይያዙ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ባትሪው ሙሉ ከሆነ 12.6 አካባቢ ያነባል። አስነስተው ነዳጅ ትንሽ ሲሰጡ ከ13.8 እስከ 14.4 መግባት አለበት። የፊት መብራቱን አብርተውም ከ13.5 በታች መውረድ የለበትም። ከ15 ካለፈ ሬጉላተሩ ባትሪውን እያፈላ ነው። ቀጥለው ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት ያዙሩት፤ ግማሽ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ዳዮድ ሄዷል። ሌላም ምልክት አለ፦ መኪናው ለሰዓታት ቆሞ የአልተርኔተሩ ገላ ሲነካ ለብ ካለ፣ ባትሪው በተበላሸ ዳዮድ በኩል እየፈሰሰ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ቦታ የሽቦው ስም ነው። ዲናሞው ላይ ወፍራሙ ሽቦ "ዲ ፕላስ" ላይ፣ ቀጭኑ "ዲኤፍ" ላይ ይገባል። አልተርኔተሩም ላይ "ዲ ፕላስ" የሚል ጫፍ ስላለ ስሙን ብቻ አይቶ ወፍራሙን እዚያ የሚያስር ብዙ ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሥራው ለየቅል ነው። በአልተርኔተር ወፍራሙ ሽቦ የሚገባው "ቢ ፕላስ" ላይ ነው፤ "ዲ ፕላስ" ከቻርጅ መብራቷ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ቦታ ነው። ወፍራሙ ዲ ፕላስ ላይ ከታሰረ ሦስቱ ትንንሽ የማነሳሻ ዳዮዶች ያልተሠሩለትን ጭነት ይሸከሙና ይቃጠላሉ፤ ቁልፍ ተነቅሎም ከባትሪው ወደ ሮተሩ (በአልተርኔተሩ ውስጥ ወደሚዞረው ጥቅል) ኃይል እየፈሰሰ ያድራል።

ሬጉላተሩ በውስጡ ያለ አልተርኔተር ከሆነ፣ ከኋላ ወንበር ስር በግራ በኩል ያለው አሮጌ ሬጉላተር ይወጣል። እዚያ ከዲናሞው የመጣው ወፍራም ሽቦ ወደ ባትሪ ከሚሄዱት ወፍራሞች ጋር ይገናኛል። ከዲኤፍ የመጣው ቀጭን ደግሞ "61" ከሚለው ጫፍ ከወጣው ቀጭን ጋር ይታሰራል። በቡሎን አጥብቀው እያንዳንዱን ለብቻው በደንብ ይሸፍኑ፤ ወፍራሙ መስመር በባትሪና በእሱ መካከል ፊውዝ የለውም። ያ ወፍራም ሽቦ የተሠራው ለ30 አምፔር ዲናሞ መሆኑንም አይርሱ። አልተርኔተሩ 50 ወይም 55 አምፔር ስለሚሰጥ ከቢ ፕላስ እስከ ባትሪ 10 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይሳቡለት። ሲጨርሱ መብራት አብርተው በቢ ፕላስና በባትሪው ፕላስ መካከል ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ0.3 ቮልት ካለፈ ማሰሪያው ላልቷል ወይም ሽቦው ቀጥኗል። ማሳውንም (የማይነሱን መስመር) እንዲሁ ይለኩት።

የቻርጅ መብራቷን አምፖል ንቆ መተው አይቻልም። ሮተሩ መጀመሪያ የሚነሳው በእሷ በኩል በሚያልፈው ትንሽ ኃይል ነው። ቁልፍ ሲከፈት ካልበራች፣ አልተርኔተሩን ከመፍታትዎ በፊት አምፖሉን ይቀይሩ።

መኪናው ባለ 6 ቮልት መሆኑን ሳያጣሩ 12 ቮልት አልተርኔተር መግዛትም አለ። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ቮልስ ባለ 6 የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከባትሪው ጋር አምፖሎቹ ሁሉ፣ ቦቢናው፣ የዝናብ መጥረጊያው ሞተርና ካርቡሬተሩ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ነክ ነገር አብረው መታሰብ አለባቸው።

ገጠማው ላይ ደግሞ የዲናሞውን እግር (ሞተሩ ላይ የሚቆምበትን) ለአልተርኔተር መጠቀም አንዱ ጥፋት ነው። የገላው ውፍረት ስለሚለይ ዘንጉ ከፍታውን ይስትና ቬንቲሌተሩ ሽፋኑን እየፋቀ ይጮኻል። አልተርኔተሩን ከነእግሩ ይግዙ። ከእግሩ ስር ባሉት ሁለት ጋርኒሲዮኖች (ማሸጊያዎች) መካከል የምትገባውን የዘይት መከላከያ ቆርቆሮም አይጣሏት፤ ያለሷ ዘይት ሽቅብ ይረጫል። ቬንቲሌተሩ ከኋላ ቆርቆሮው 2 ሚሊሜትር መራቅ አለበት፤ ርቀቱ በሮንዴላ ይስተካከላል። ባለ 36 ዳዶው በ60 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጥበቅ፤ ከላላ ቬንቲሌተሩ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። የኋላ ቆርቆሮው የንፋስ ቀዳዳ ወደ ታች ይዙር።

ቺንጋውን ለማጥበቅ አልተርኔተሩን በካቻቪቴ መጎተት ቮልስ ላይ አይሠራም። የሚጠብቀው በፑሌጃው ሁለት ግማሾች መካከል ያሉትን ስስ ሮንዴላዎች በመቀነስ ነው። ያወጧቸውን ከውጭ በኩል ከዳዶው ስር ያስቀምጡ፤ ነገ ቺንጋ ሲቀየር ያስፈልጋሉ። ዳዶውን ሲያጠብቁ ቺንጋው በግማሾቹ መካከል እንዳይነከስ ፑሌጃውን እያዞሩ ይሁን። በአውራ ጣት መሃሉን ሲጫኑት 15 ሚሊሜትር ያህል ይግባ። ከዚያ በላይ መወጠር ኩሽኔታ ይበላል።

ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ገዝተው የሚያድሱ ከሆነ በቤንዚን አይጠቡት። ቤንዚን የኩሽኔታውን ግራሶ ያጥባል፣ የጥቅሉን ቫርኒሽ ያላላል። በደረቅ ብሩሽና በንፋስ ይጽዳ። ሬጉላተሩ ከነካርቦኑ (ለሮተሩ ኃይል ከሚያቀብለው ተንሸራታች ክፍል ጋር) በሁለት ቪቴ ከኋላ የታሰረ ዓይነት ከሆነ፣ ገላውን ከመክፈት በፊት እሱን ያውጡ፤ አለበለዚያ ካርቦኖቹ ይሰበራሉ።

ካርቦን ሲቀየር የሚሠራው ስህተት ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሥራውን ሁሉ ያስደግማል። የካርቦኗ ጭራ ከቀጫጭን መዳብ የተጎነጎነች ናት፤ የምትያያዘውም በስታኞ (ቀልጦ በሚይዝ ብየዳ) ነው። ስታኞው ብዙ ከሆነ ወይም መበየጃው ከቆየ፣ ስታኞው በጉንጉኑ ውስጥ ሽቅብ ይሰርግና ጭራዋን እንደ ሚስማር ያደርቃታል። ያኔ ካርቦኗ በቤቷ ውስጥ መንሸራተት ትተዋለች፤ ለጊዜው ትሠራለች፣ ትንሽ ስትበላ ግን ስሊፕ ሪንጉን (በሮተሩ ዘንግ ላይ ያለውን ቀለበት) መንካት ታቆማለች። ከብየዳው በላይ ጭራዋን በፒንሳ ይያዙ፤ ብረቱ ሙቀቱን ይስባል፣ ስታኞውም እዚያው ይቆማል። ሲጨርሱ ካርቦኗን በጣት ጫን ለቀቅ ያድርጓት፤ ያለ ምንም መንቀራፈፍ መመለስ አለባት። ከቤቷ ብቅ ያለው 5 ሚሊሜትር ከደረሰ ዕድሜዋ አልቋል።

ስሊፕ ሪንጉን በሞረድ ሳይሆን በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ። የሮተሩ ጥቅል ከ3 እስከ 5 ኦም ያንብብ፣ ከዘንጉ ጋር ግን ፈጽሞ አይገናኝ።

ቦዲ ሲበየድ ካቦውን ከባትሪውም ከአልተርኔተሩም ይንቀሉ። ፕላስና ማይነስ ማገላበጥ ዳዮዶቹን በቅጽበት ይጨርሳል። ጨርሶ የሞተ ባትሪ ደግሞ አስቀድሞ በቻርጀር ይሞላ፤ አልተርኔተሩ በሙሉ አቅሙ ለሰዓታት ሲሠራ ይቃጠላል።

በመጨረሻ ወንበሩን ሲመልሱ ባትሪውን ይዩት። ቮልስ ውስጥ በቀኝ በኩል ከኋላ ወንበር ስር ነው የሚቀመጠው። ቁመቱ ከረዘመ፣ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፍ ይነካና የወንበሩ ሙሊት ይቀጣጠላል። ፕላሱ የጎማ ክዳን ይደረግለት፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው በደንብ ከተጫኑት በኋላም አንስተው ክዳኑ ላይ የስፕሪንግ ምልክት መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ።