ጣና ዳር ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ማሳደግ፦ ሐኪሙን፣ ጸበሉንና የቤቱን ሥራ በአንድ ደብተር ማገናኘት

ባሕር ዳር ላይ ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው የምክር ብዛት ነው። ሐኪሙ አንድ ነገር ያዛል፣ የንስሐ አባት ሌላ ይላሉ፣ አያት «የአባቱም አፍ የተፈታው ዘግይቶ ነው፣ ተዉት» ይላሉ፣ ጎረቤት ደግሞ በቴሌግራም ያየችውን ሽሮፕ ታቀብላለች። ሁሉም ለልጁ አዝነው ነው። ግን በአንድ ሳምንት አምስት ነገር ከተጀመረ፣ ልጁ ሲሻለው የትኛው እንደረዳው፣ ሲብስበትም የትኛው እንደጎዳው የሚያውቅ አይኖርም።

አስቀድሞ ይህ ግልጽ ይሁን። ኦቲዝም የልጁ አእምሮ ከጅምሩ በተለየ መንገድ በማደጉ የሚመጣ ነው። የእናት ጥፋት አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ከክትባት አይመጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ይህን ወሬ ያስነሳውን ጽሑፍ ያተመው ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። መግባባትን፣ እንቅልፍን፣ ራስን መቻልን የሚያሻሽል ሥራ ግን አለ፤ ቶሎ ሲጀመር የበለጠ ይረዳል።

ደብተሩ

የምትሞክሩትን ሁሉ የምትመዘግቡበት አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዙ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የልጁን ስም፣ ዕድሜ፣ የሁለት ሰው ስልክ፣ የሚወስደውን መድኃኒት ከነመጠኑ፣ የሚጥል በሽታ እንዳለበትና እንደሌለበት፣ የሚያስፈራውንና የሚያረጋጋውን ነገር ጻፉ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ገጽ ሁሉ በሦስት ዓምድ ክፈሉት፦ «ከዚያ በፊት ምን ነበር»፣ «ልጁ ምን አደረገ»፣ «እኛ ምን አደረግን»።

አንድ መስመር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ቡና ሲወቀጥ። ጆሮውን ይዞ ጭንቅላቱን ከግድግዳ አጋጨ። ወደ ጓዳ ወሰድነው፣ በሁለት ደቂቃ ዝም አለ።» እንዲህ ዓይነት መስመር በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተጻፈ ጥፋቱ የሙቀጫው ድምፅ ነው። መፍትሔውም ቡናውን ልጁ በሌለበት መውቀጥ ወይም የተወቀጠ መግዛት ነው፤ ቁጣም መድኃኒትም አያስፈልገውም።

የደብተሩ ሕግ አንድ ነው፤ አዲስ ነገር አንድ በአንድ ይጀመራል፣ ለእያንዳንዱም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይሰጠዋል። የሚለካውም በዓይን የሚታይ ነገር ይሁን። «እንቅልፉ ተሻሽሏል» ብላችሁ አትጻፉ፤ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ነቃ የሚለውን ጻፉ። በየአራት ሳምንቱ የልጁ አባትም እናትም አብረው ተቀምጠው ያንብቡት፤ ያልረዳው ነገር ይቁም።

ሐኪም ቤት

በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ18 ወሩ የሚፈልገውን በጣቱ የማይጠቁም፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል አገናኝቶ የማይናገር ልጅ ይመርመር። በየትኛውም ዕድሜ የነበሩትን ቃላት ያጣ ልጅ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይታይ። ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ስትሄዱ ሦስት አጫጭር ቪዲዮ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ፦ ከኋላው ስሙ ሲጠራ፣ ብቻውን ሲጫወት፣ የሚያሳስባችሁን ነገር ሲያደርግ። ልጁ በእንግዳ ክፍል ውስጥ እንደ ቤቱ ስለማይሆን፣ ሐኪሙ በአሥር ደቂቃ የማያየውን ቪዲዮው ያሳየዋል።

የመስማት ምርመራ ጠይቁ፤ የማይሰማ ልጅም ሲጠሩት አይዞርም። ድንገት ዓይኑ ፈዝዞ የሚቀር ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተናገሩ፤ የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ይልቅ ይበዛል። ሪስፐሪዶን የሚባለው መድኃኒት ከታዘዘ፣ ኃይለኛ ቁጣንና ራስን መጉዳትን ሊያበርድ ይችላል እንጂ ንግግር አያመጣም። የምግብ ፍላጎትና ክብደት ስለሚጨምርም ልጁ በየጊዜው ይመዘን።

ሁለት ነገር ከቤታችሁ አይግባ። አንደኛው «ተአምረኛ ማዕድን» ተብሎ የሚሸጠው ጠብታ ነው፤ የበረኪና ዘር ነው፣ አንጀት ያቃጥላል። ሁለተኛው «ከባድ ብረት ከሰውነት ያወጣል» ተብሎ ለኦቲዝም የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ በውጭ አገር ሕፃን ገድሏል።

ጸበል

ብዙ ቤተሰብ ልጁን አስቀድሞ የሚወስደው ጸበል ነው። «ጸበሉን ተዉና ሐኪም ቤት ሂዱ» የሚል ምክር እናትን ከሁለቱም ያርቃታል። እኛ ሁለቱንም ያዙ እንላለን፤ ድንበሩ ግን ይታወቅ።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒቱን ለጸበል ብሎ አያቋርጥ። ፌኖባርቢታል የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም የማያባራ መንቀጥቀጥ ያስነሳል፤ ልጁ በዚያው ሊቀር ይችላል። ኪኒኑን በጸበሉ ማስዋጥ ይቻላል። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። መንገድ በሚዘጋበት ወቅት መድኃኒት እንዳያልቅ የሁለት ሳምንት ትርፍ ከቤት አይጥፋ።

ብዙ ኦቲስቲክ ልጆች ቀዝቃዛ ውኃ ድንገት ሲፈስባቸው የሚሰማቸው እንደ ምት ነው። ልጁ የሚጮኸው ከዚህ የተነሣ ሆኖ ሳለ «መንፈሱ ጮኸ» ይባልና ይብስ ይያዛል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ ከሦስት ቀን በፊት ጀምራችሁ በቤት በጣሳ አለማምዱት፦ እግር፣ እጅ፣ ትከሻ፣ መጨረሻ ላይ ራስ። ሰው ሳይበዛ በማለዳ ሂዱ። አጥማቂውን አስቀድማችሁ አነጋግሯቸው፦ «አባቴ፣ ልጄ ውኃ ድንገት ሲነካው ይደነግጣል፤ እባክዎ ከእግሩ ይጀምሩልኝ።» ማሰር፣ መምታት፣ ምግብ መከልከል ካለ ልጁን ይዛችሁ ተመለሱ። ቤተ ክርስቲያን ከ7 ዓመት በታች ያለን ሕፃን ጹም አትልም፤ ለታመመም ትፈቅዳለች። ሩቅያ (ቁርኣን እየተቀራ የሚደረግ የፈውስ ጸሎት) የሚያስደርጉ ሙስሊም ቤተሰቦችም ይህንኑ ይጠይቁ፦ ድምፁ ዝቅ ይበል፣ ድምፅ ማጉያ አይኑር፣ ልጁ አይመታ።

ካርዱና ቡናው

የማይናገር ልጅ የሚፈልገውን መጠየቂያ መንገድ ካላገኘ በጩኸትና በመንከስ ይጠይቃል። ስለዚህ ከሥልጠናው ሁሉ በሥዕል ካርድ መጠየቅን ማስለመድ ይቅደም።

ልጁ በጣም የሚወደውን አንድ ነገር ምረጡ፤ ማንጎ ነው እንበል። የቤታችሁን ማንጎ በስልክ አንሡት፣ ፎቶ ቤት አሳትሙት፣ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ካርቶን ላይ ለጥፉት፣ እንዳይረጥብ በግልጽ ፕላስተር ሸፍኑት። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ፊት ለፊት ማንጎውን ይዞ ይቀመጣል፣ ሌላው ከልጁ ኋላ፤ ካርዱ በመካከል ነው። ልጁ ወደ ማንጎው እጁን ሲዘረጋ፣ ከኋላ ያለው ሰው ምንም ሳይናገር እጁን ይዞ ካርዱን ያስነሣዋል፣ ፊት ለፊት ባለው ሰው መዳፍ ላይም ያስቀምጠዋል። ተቀባዩ ወዲያው «ማንጎ!» ብሎ ይሰጠዋል። በቀን ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ በሁለት ሦስት ዙር ተከፍሎ ይደረግ። የኋላው ሰው እርዳታውን ቀስ በቀስ ይቀንስ፦ መጀመሪያ እጁን ይይዛል፣ ከዚያ ክርኑን ነካ ብቻ ያደርጋል፣ በመጨረሻ እጁን ይሰበስባል።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። ቁራጩ ትልቅ ከሆነ ልጁ በሦስተኛው ይጠግባል፤ የጥፍር ያህል ይቆረጥ። ፊት ለፊት ያለው ሰው «ምን ትፈልጋለህ?» ካለ ልጁ ጥያቄውን ጠባቂ ይሆናል፤ ዝም ይበል። ካርዱ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ ለልጁ አፉን እንደመዝጋት ነው፤ እጁ በሚደርስበት ቦታ ይሰቀል። አያቶች «ካርድ ካስለመዳችሁት አይናገርም» ብለው ይሰጋሉ፤ ካርድ ንግግርን አያግድም፣ ለብዙ ልጆችም መንገድ ይከፍታል። ልጁ ካርዱን ብቻውን መስጠት ሲለምድ ሁለተኛ ሥዕል ጨምሩ።

ስታናግሩት እርሱ ከሚለው በአንድ ቃል ብቻ ብለጡት። ምንም የማይል ከሆነ አንድ ቃል በሉ፦ «ውኃ»። «ውኃ» ካለ «ውኃ ስጠኝ» በሉ። ከተናገራችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። መልሱ በሰባተኛው ላይ ሊመጣ ሲል በሦስተኛው ላይ ደግማችሁ መናገር የተለመደ ስሕተት ነው።

የቡና ሥርዓት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይመጣሉ፤ ቀጥሎ የሚሆነውን ማወቅ ደግሞ ኦቲስቲክ ልጅን ያረጋጋዋል። ከሙቀጫው አርቁትና በየዙሩ አንድ ሥራ ስጡት፦ በአቦል ፈንድሻውን ለአንድ ሰው ይስጥ፣ በቶና ለሁለት፣ በበረካ ባዶ ሲኒዎቹን ወደ ረከቦቱ ይመልስ። ሦስት የሲኒ ሥዕል በአንድ ካርቶን ላይ ለጥፉና ዙሩ ሲያልቅ አንዱን ይገልብጥ። ከምድጃው ቢያንስ የአንድ አዋቂ እርምጃ ርቆ ይቀመጥ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠናም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ በጨዋታና በዕለት ተዕለት የቤት ሥራ ውስጥ ማስተማር። 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት አለው፤ በኢትዮጵያም ተሞክሯል።

ሐይቁ

ከቤት ሹልክ ብሎ መጥፋት ኦቲስቲክ ልጆች ላይ የተለመደ ነው፤ ከጠፉት መካከል ለሞት ከሚዳርጓቸው ዋናው መስጠም ነው። ውኃ ይስባቸዋል። በዚህ ከተማ ደግሞ በአንድ ወገን ጣና፣ በሌላው ዓባይ አለ፤ ክረምት ላይ የመንገድ ቦዩም ይሞላል። ደንገል ወይም እምቦጭ የሸፈነው ዳርቻ ከሩቅ ለልጅ ዓይን ሜዳ ይመስላል፤ ሲረግጠው ይሰምጣል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬም አለ።

የግቢውን በር መቀርቀሪያ ልጁ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ አድርጉ፣ በሩ ላይም ቃጭል ስቀሉ። ከልብሱ ውስጥ በኩል ስሙንና ስልካችሁን ስፉበት፤ አምባር የሚታገሥ ከሆነ እሱም ጥሩ ነው። ለሰፈሩ ባጃጅ ሹፌሮች፣ ለሱቁ ባለቤት፣ ለሐይቁ ዳር ጠባቂዎችና ለታንኳ ቀዛፊዎች ፎቶውን አሳዩና ይህን አስጠኗቸው፦ «ይህ ልጅ ሲጠሩት አይመልስም። ብቻውን ካያችሁት አትጩኹበት፣ እጁን ያዙና ደውሉልን።»

«ቁም» የሚለውን ቃል አስተምሩት። በግቢ ውስጥ አብራችሁት እየሄዳችሁ «ቁም» በሉና እናንተም ቁሙ፣ በቆመበት ቅጽበት የሚወደውን ስጡት፤ በቀን 10 ጊዜ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሰፈር መንገድ፣ ከዚያ እጁን ይዛችሁ በሐይቁ ዳር ሞክሩት። ቃሉን ቢለምድም እጁን አትልቀቁ።

ልጁ ከጠፋ አንድ ሰው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ቀጥታ በአቅራቢያ ወዳለው ውኃ ይሩጥ፤ ቤቱንና ጎረቤቱን ሌሎች ይፈልጉ። ብዙ ቤተሰብ በቅድሚያ አልጋ ሥር ይፈልጋል፤ ውድ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ጣና ውስጥ የሚጫወት ልጅ የቢልሃርዝያ ምርመራም ያድርግ፤ የሆድ ሕመሙን መናገር ስለማይችል በቁጣ ሊገልጸው ይችላል።

ምግብ፣ ሆድ፣ አጎበር

ድንገት የተባባሰ ጩኸት ወይም ራስን መምታት ካለ መጀመሪያ ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ሆዱን አስመርምሩ። በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች መጸዳዳት ወይም እንደ ጠጠር የደረቀ ሰገራ ድርቀት ነው፤ ውኃ፣ ፓፓያና ከሐኪም የሚታዘዝ ማለስለሻ ይረዳል። ስንዴንና ወተትን ማስቀረት ኦቲዝምን እንደሚያሻሽል የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን (በስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የለውም፤ አምስት ምግብ ብቻ ከሚበላ ልጅ ላይ ወተት መንሳት ግን ጉዳት ነው። ወጡን ከእንጀራው ለይታችሁ አቅርቡ፤ አዲስ ምግብ መጀመሪያ በማዕዱ ላይ ይቀመጥ፣ ከዚያ ይንካው፣ ያሽተው፣ ይላሰው። ከ10 ጊዜ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ በግድ አታጉርሱት።

ባሕር ዳር ወባ አለ፤ ብዙ ኦቲስቲክ ልጆች ደግሞ አጎበሩ ፊታቸውን ሲነካ ይቀድዱታል። ቀን ላይ እንደ ድንኳን ወለሉ ላይ ዘርጉትና ውስጡ አብራችሁት ተጫወቱ፤ ከሳምንት በኋላ አልጋው ላይ ስቀሉት፣ ጎኑንም ከፊቱ አርቃችሁ ወጥሩት።

ቤተሰቡ

አዲስ አበባ የሚገኘውን ጆይ ኦቲዝም ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ዘሚ የኑስ የኦቲስቲክ ልጅ እናት ነበሩ። እዚህም አራት ቤተሰብ ከተገኘ የዕረፍት ዙር ይጀመር፤ እንደ ዕቁብ በየቅዳሜው አንድ ቤተሰብ ተራ ይደርሰዋል። ባለተራው ልጁን ይዞ አይሄድም፤ ከሌሎቹ ሁለት አዋቂ ወደ ልጁ ቤት ይመጣሉ፣ ወላጆቹ ለ2 ሰዓት ይወጣሉ። ወንድምና እህት ካለው በዚያ ሰዓት ከወላጆቹ ጋር ይውጡ፤ ሌላ ቀን ሁሉ ጊዜያቸው የተወሰደባቸው እነሱ ናቸው። አራቱንም ልጆች በአንድ ቤት መሰብሰብ አይሆንም፤ የአንዱ ጩኸት ሌላውን ያስነሣል፣ በሩም ይረሳል። ወላጆቹ ከመውጣታቸው በፊት የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ከመጡት ጋር አብረው ያንብቡ፤ ካርዶቹ የተሰቀሉበትንና የግቢው መቀርቀሪያ የሚዘጋበትንም በእጃቸው ያሳዩ።